የደብሪቱ ጠርሙስ

ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ የወለንጪቲ እናቶች የቤተሰባቸውን ሽንት ይዘው ይወጣሉ። ጠርሙሱ በፌስታል አይያዝም፣ ነውር ነው። እያንዳንዷ ለዚሁ ብላ የሰፋችው፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ ክዳን ያለው ዘንቢል አላት። ዘንቢሉ እንዳይናጥ ደረት ላይ ለጠፍ ተደርጎ ይያዛል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የተገናኙ ሴቶች አይሳሳሙም፤ በአገጫቸው ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። አንዷን ድንጋይ ቢያደናቅፋት ሁሉም ቆመው «እኔን!» ይላሉ፣ እጇን የምትዘረጋላት ግን የለችም። ማን ባዶ እጅ አላት?

ኤልዳና ታምሩ ሁለት ጠርሙስ ትይዛለች፤ የራሷንና የልጇን የደብሪቱን። ባሏ ሶፎንያስ በሕይወት ሳለ ሦስት ነበር። የሦስተኛው ጠርሙስ ቦታ ዘንቢሉ ውስጥ አሁንም ባዶውን አለ፤ በስፖንጅ ልድፈነው ትልና ትተወዋለች።

ጤና ጣቢያው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። አዳራሹ መሃል ላይ አንባቢው የሚሉት ማሽን ቆሟል። ቁመቱ የሰው ያህል ነው፣ ሆዱ ላይ ጠርሙስ የሚገባበት ጉድጓድ አለው፣ ግንባሩ ላይ መብራት። ሲስተር ተዋበች ጠርሙሱን ከማስገባቷ በፊት ትጠይቃለች። ያቃጥላል? ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል? ትኩሳትስ? ወገብ ላይ ውጋት አለ? መልሱን ማሽኑ ላይ ባለው ሰሌዳ ትነካካለች፣ ጠርሙሱን ትከታለች፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ አንባቢው በክዳኑ ላይ የተቀረጸውን ስም ጠርቶ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ይናገራል። አዘውትሮ የሚለው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

«ታመሻል። መድኃኒት ውሰጂ።»

«ጠብቂ። ውሃ ጠጪ። ነገ ተመለሺ።»

«አልታመምሽም። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ለቄሱም ለሼኩም «አንተ» ነው የሚለው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቅሬታ አቅርበው ነበር። «እርስዎ» ማለት አልተማረም የሚል መልስ መጣላቸው።

የኤልዳና ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ጠርሙሷ በገባ ቁጥር መብራቱ ደም ይመስላል። ድምፁ ደግሞ «ኤልዳና ታምሩ። አልታመምሽም። ወደ ቤትሽ ሂጂ» ይላል።

«ቀይ አብርቶ አልታመምሽም የሚል የት አገር ነው ያለው?» አለች አንድ ማክሰኞ። ሁልጊዜ የምትለው ነው።

«እትዬ ኤልዳና፣ ነግሬዎት የለም? ጀርሙ አለ። ግን ከርስዎ ጋር ተስማምቶ ነው የሚኖረው፤ አያቃጥልዎትም፣ አያተኩስዎትም። ዝም ያለውን በመድኃኒት ብንነካካው፣ የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው። ከዚያ ማን ይችለዋል?» ሲስተር ተዋበች ገና ወጣት ናት፣ ዓይኖቿ ግን እንቅልፍ ካዩ የቆዩ ይመስላሉ።

«ተከራይ ነው በይኛ።»

«ተከራይ ነው።»

«ኪራይ የማይከፍል።»

ከኋላዋ የተሰለፈችው ሲፈን፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ «ክሰሺዋ! ቀበሌ ሄደሽ አስወጡልኝ በይ» አለች። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ፣ እንዳይናጥባቸው ከአንገት በላይ ብቻ ሳቁ።

ኤልዳና አልሳቀችም። እሷ በአንባቢው ላይ ቂም አላት።

ልጅ ሳለች እናቷ ቁምሳጥን ውስጥ ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ ነበረቻቸው። የተረፈ መድኃኒት ሁሉ እዚያች ስኒ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቀይና ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ሮዝ የሆነው። ጉሮሮውን ያመመው ሁለት ያነሳል፣ ሆዱን የቆረጠው አንድ ያነሳል፣ ጎረቤት ከመጣም ለጎረቤት ነው። ሱቅም እንደ ከረሜላ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ይህን ብታወራ ልጆች ተረት ይመስላቸዋል። ያ ሁሉ ቀለም ሄደ። ክኒኑ አልጠፋም፣ ጀርሙን መግደሉን ነው የተወው። ለሽንት በሽታ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ነጩና ቢጫው። ነጩ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቢጫው ዞኑ ካዝና ውስጥ ነው፣ በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ነጩም ቢሆን በእጅ አይሰጥም። ሲስተር ፊት ይዋጣል፣ አፍ ይከፈታል፣ ምላስ ይነሳል፣ ጉንጭ በባትሪ ይታያል።

ሶፎንያስ ብየዳ ሠራተኛ ነበር። እግሩን ዝገት የበላው ብረት ወጋው። የቁስሉን እዥ ለአንባቢው ሰጡት፤ «ጠብቅ» አለው። በማግስቱም «ጠብቅ» አለው። «ታመሃል» ያለው ቀን እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እነኤልዳና ቤት «ጠብቅ» የሚባል ቃል አይነገርም። ወጥ ገና ካልበሰለ «ቆዩ» ይባላል፣ ሰው በር ካንኳኳ «መጣሁ» ይባላል። ማንም አልከለከለውም፣ በቃ ቀረ።

ደብሪቱ የቦቴ ሾፌር ናት። ስሟ የአባቷ ቅድመ አያት ስም ነው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ እናቶቹ ኤልዳና፣ ሲፈን፣ ሄቨን፣ ልጆቹ ደብሪቱ፣ ማንጠግቦሽ፣ ተዋበች። ደብሪቱ ከቆቃ ውሃ ትቀዳለች፣ መተሐራ ትገለብጣለች። መንገድ ላይ መቆም የለም። ቦቴ ከቆመ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይከበዋል፤ ስለዚህ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነው የሚነዳው። ወንዶቹ ሾፌሮች በላስቲክ ጠርሙስ ይገላገላሉ። እሷ ግን ይዛው ትውላለች። እንዳይመጣባትም አትጠጣም። ያን ሁሉ ውሃ ከኋላዋ እየጎተተች ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነው ቤት የምትገባው።

አንድ ቀን ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ሽንቴ እሳት ሆኗል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመተሐራ ጀምሮ።»

«ቀኑን ሙሉ ይዘሽ እየዋልሽ! ስንቴ ነገርኩሽ?»

«የት ልቁም ታዲያ? ሱሪዬን አውልቄ ቁጭ ስል ለጀሪካኑ ሰው ተራ ላስይዝ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ቆመና ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ኤልዳና በቆርቆሮው በኩል ጥርሷን ስታፋጭ ሰማቻት።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ደብሪቱ ጠርሙሷን ራሷ ይዛ ነበር፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ በሁለት ጣት አንጠልጥላ፤ ሴቶቹ ደነገጡባት። ሲስተር ተዋበች ጠየቀቻት። ያቃጥላል፣ አዎ። ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል፣ አዎ። ትኩሳት የለም። ወገብም ደህና ነው። ሽንቷ ጠቆር ያለ፣ ግን የጠራ ነበር። መብራቱ ነጣ ብሎ በራ።

«ደብሪቱ ሶፎንያስ። ጠብቂ። ውሃ ጠጪ። ነገ ተመለሺ።»

አዳራሹ ውስጥ ኤልዳና ብቻዋን የቀረች መሰላት።

«ብዙዎቹ በራሱ ይለቃቸዋል፣ እትዬ» አለች ሲስተር ተዋበች፣ ፊቷን አይታ። «ካልለቃት ደግሞ ነገ ራሱን ያሳያል፤ የትኛው ጀርም እንደሆነም ይለይልናል። ለሱ የሚሆነውን እንሰጣታለን። አንድ ቀን ነው።»

«አባቷም አንድ ቀን ነው ተብሎ ነበር።»

ደብሪቱ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ቆይ ነው የሚለው ሰውዬው» አለቻት በጆሮዋ፣ ወደ አንባቢው በአገጯ እየጠቆመች። «ቆይ ማለት ምን ችግር አለው? ነይ እንሂድ።»

ያን ቀን ደብሪቱ ውሃ ጠጣች። የሁለት ቀን ድርሻቸውን ጀሪካን አጋምሰውት ዋሉ። ኤልዳና አጠገቧ ተቀምጣ እያራገበች፣ ሐሳቧ ሶፎንያስ እግር ላይ ነበር። ነገም ጠብቂ ይላታል። ከነገ ወዲያም ይላታል። እኔ ደህና ቁጭ ብዬ ቀይ ያበራልኛል፣ እሷ እየነደደች ጠብቂ ይላታል። እንዲህ እያለች ሐሳቧን ስታመላልስ አንድ ነገር መጣላት። ከመጣላት በኋላ ደግሞ እስካሁን እንዴት አላሰብኩትም ብላ በራሷ ተናደደች።

ጎህ ሲቀድ ደብሪቱ ጠርሙሷን ሞልታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣው ተመልሳ ተኛች። መውሰዱ የእናት ሥራ ነው። ኤልዳና ጠርሙሱን አንስታ ሽንት ቤቱ ጓሮ ዞረች። የልጇ ሽንት በጠርሙሱ በኩል መዳፏን አሞቃት። ወደ ብርሃኑ ስታነሳው ደፍርሷል፣ ጤፍ እንደታጠበበት ውሃ ነው። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ይህን አየች። አይታ ደፋችው። ጠርሙሱን ከራሷ ድርሻ ባፈሰሰችው ውሃ አለቀለቀች፣ ቁጭ አለችና በራሷ ሞላችው።

«ከኔው አይደል የወጣችው?» አለች ለማንም ሳይሆን። «ደሟ ደሜ ነው። ሽንት ምን የተለየ ነገር አለው?»

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሲስተር ተዋበች ጠየቀቻት። ያቃጥላታል? አዎ። ብሷል? ብሷል። ጠርሙሱ ገባ። መብራቱ ደም መሰለ።

«ደብሪቱ ሶፎንያስ። ታመሻል። መድኃኒት ውሰጂ።»

ከጉድጓዱ ሥር የነጩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ኤልዳና ሰማችው። ከሶፎንያስ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ያላት ቀን የለም። ሲፈን በአገጯ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። እዚያ ከተማ ነጩ የተፈቀደለት ሰው እንደ ዕጣ የወጣለት ነው የሚታየው።

ደብሪቱ ነጩን ለመዋጥ ጠዋትና ማታ መምጣት ጀመረች። አፏን ትከፍታለች፣ ምላሷን ታነሳለች፣ ሲስተር ተዋበች በባትሪ ታያለች።

«በቅሎ ልትገዢ ነው እንዴ?» ትላታለች ደብሪቱ፣ አፏን እንደከፈተች።

«ዝም በይ፣ ጉንጭሽን አላየሁም።»

ሕጉ ነጩን የጀመረ ሰው ሥራ መግባት ይችላል ይላል። እሷም ገባች። የመጀመሪያው ቀን «ቀለል ብሎኛል» አለች። እውነት ይሁን ለእናቷ ብላ፣ ኤልዳና ያኔ አልጠየቀችም። ከዚያ ምሳ አልበላም አለች። ከዚያ ጎኗን ይዛ መሄድ ጀመረች። ኤልዳና ሲስተር ተዋበችን ጠየቀቻት።

«መድኃኒቱ እስኪይዝ ነው» አለች ሲስተር ተዋበች። «ጀርሙ ነጩን የሚፈራ ዓይነት ነው፣ አንባቢው አይቶታል። ይሻላታል። ወገቧን ግን ነገ አየዋለሁ።»

ነገን አልደረሱበትም። ወለንጪቲ ውስጥ ቀትር ማለት እንደ ድሮው እኩለ ሌሊት ነው፤ በሩ ሁሉ ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይታይም። በዚያ ሰዓት የቦቴ ጥሩንባ ተሰማ። ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ወጣ። ሁለት ሾፌሮች ደብሪቱን ደግፈው ከመኪና አወረዷት። መንገድ ዳር ቦቴውን አቁማ፣ በሩን ከውስጥ ከፍታ፣ መሪው ላይ ተደፍታ አግኝተዋት ነው። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከቦቴው ዙሪያ ቆሞ ነበር አሉ፤ አንድም ሰው አልቀዳም፤ እያራገቡላት ነበር።

ጤና ጣቢያው በቀትር ዝግ ነው። ሲስተር ተዋበች ግን እዚያው ነው የምትተኛው፣ ከፈተችላቸው። ደብሪቱ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ሰውነቷ ግን ምድጃ ሆኖ ነበር። ሲስተር ተዋበች በቀጭን ቱቦ ከፊኛዋ ሽንት ቀድታ ለአንባቢው ሰጠችው። መብራቱ ደም መሰለ። ድምፁ ግን ሌላ ነገር አለ።

«ደብሪቱ ሶፎንያስ። መድኃኒት ጀምረሻል። ጠብቂ።»

ሲስተር ተዋበች ጎንበስ ብላ አንባቢው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። እንደገና አነበበችው። ወደ ኤልዳና ዞረች።

«ይሄ ሌላ ጀርም ነው» አለች። «ነጩ ጭራሽ አይነካውም፣ ይሄ የቢጫው ነው። ያኔ ያየነው የት ሄደ? ጀርም በነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስቶ ሌላ አይሆንም እኮ።» ድምጿ አልጮኸም። ራሷን የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። «አንባቢው ተሳስቷል ማለት ነው? አይሳሳትም። እትዬ፣ ቢጫውን አይለቅልኝም። ነጩን እየወሰደች ስለሆነ ጨርሺ ነው የሚለው። የመጀመሪያው ንባብ ስህተት መሆኑን ካላሳየሁት አይከፍትም።»

ኤልዳና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ነገሩ ሁሉ አልገባትም፤ ጀርም ከጀርም የሚለይ መሆኑም አሁን ነው እየገባት ያለው። ጓሮ የደፋችው ደፍራሳ ሽንት ግን ዓይኗ ላይ መጣ። ሙቀቱም መዳፏ ላይ ተመለሰ።

«ያ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ሽንቱ። ያኔ ያመጣሁልሽ። የሷን ደፍቼ የኔን ነው የሞላሁት።»

ሲስተር ተዋበች ጓንቷን ማውለቋን ተወች። እጇ ላይ የነበረው ጓንት ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ጣቷ ላይ ቀርቶ ነበር።

«የሷን ደፉት?»

«ደፋሁት። ደፍርሶ ነበር።»

ደፍርሶ ነበር ስትላት የሲስተር ተዋበች ዓይን ተጨፈነ። ያን ጠዋት ያ ጠርሙስ ቢመጣ ኖሮ አንባቢው ምን ይል እንደነበር ታውቃለች። ኤልዳናም ከፊቷ ላይ አነበበችው። ሲስተር ተዋበች አልነገረቻትም፤ ዕድሜ ልኳንም አልነገረቻትም።

«ይሄንን ካስገባሁ እርስዎ ከመድኃኒት ይሰረዛሉ» አለች በመጨረሻ። «ለሁልጊዜ። ቁስል ቢሆን፣ ሳንባ ቢሆን፣ ምንም ቢሆን። ጠርሙስዎም ይወሰዳል።»

«አስገቢው።»

«እትዬ፣ ያስቡበት፣ ለሁልጊዜ ነው ያልኩት።»

«አንቺ ልጅ፣ አስገቢው አልኩሽ እኮ።»

አስገባችው። ኤልዳና አውራ ጣቷን ሰሌዳው ላይ ጫነች። አንባቢው «ቢጫው ተፈቅዷል» አለ። ቀጥሎም፣ በዚያው ድምፅ፣ «በቀትር በረራ የለም። ጠብቂ» አለ። ካዝናው ያለው አዳማ ነው፤ ቢጫው በሰው እጅ፣ በመኪና አይላክም። ቢጫውን የምታመጣው ትንሿ ሰው አልባ በራሪ ደግሞ ሙቀቱ ካልበረደ አትነሳም፤ አየሩ አይሸከማትም።

ሲስተር ተዋበች እርጥብ አንሶላ አመጣች። የጤና ጣቢያውን የሁለት ቀን ውሃ ደብሪቱ ላይ አፈሰሰችው። ኤልዳና አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የልጇን እጅ ያዘች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ቆርቆሮ ሥር እንደ ቢላዋ ገብታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። ያቺ ብርሃን ወደ ግድግዳው እስክትወጣ ቀትር አያልፍም። ኤልዳና ዓይኗን ከሷ አላነሳችም።

«እማ» አለች ደብሪቱ። ድምጿ የሷ አይመስልም፣ ቀልዱ ግን የሷ ነበር። «ቦቴው እንዴት ሆነ? ተዘረፈ?»

«ማንም አልነካውም። አንድ ሰው አልቀዳም አሉ።»

«ውሸታሞች።» ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ምነው?»

ኤልዳና ነገረቻት። ሳታሳጥር፣ ሳታለባብስ። ጓሮውን፣ ጠርሙሱን፣ ማለቅለቋን። ከኔው አይደል የወጣችው ማለቷንም አልደበቀችም። ደብሪቱ ጣሪያውን እያየች ሰማቻት።

«እና እስከ ዛሬ የዋጥኩት ላንቺ ነው?»

«አዎ።»

«አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን አንስቼ፣ ላንቺ።» ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ስንጥቁ ደማ። «ታዲያ ተሻለሽ?»

«እኔ ምን ይሻለኛል ልጄ? የዋጥሽው አንቺ ነሽ።»

«ኪሳራ ነዋ» አለች ደብሪቱ። ዓይኗን ጨፈነች። ከቆይታ በኋላ፣ ኤልዳና ልጄ ተኛች ብላ ስታስብ፣ «ነግረሽኝ ቢሆን እኔም እሺ እልሽ ነበር» አለች። «አታልቅሺ። እኔም እንዳንቺው ነበር የመሰለኝ፤ ያው አንድ ነን ብዬ።»

ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ወጣች። ቢጫው መጣ። ሲስተር ተዋበች በደብሪቱ ክንድ በመርፌ ሰጠቻት፤ በሥራ ዘመኗ ቢጫውን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ማር ነው ቀለሙ። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ የሚገድለውንም ይገድላል። ግን ጀርሙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ውሎ ነበር። ኩላሊቷ መሥራት አቁሞ ነበር። ሲስተር ተዋበች ጠርሙሱን ከሥሯ ብታደርግላትም ባዶውን ቀረ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደበትም።

ጎህ ሲቀድ እናቶቹ ዘንቢላቸውን አቅፈው መምጣት ጀመሩ። ሲፈን ቀድማ ገባች፣ አልጋውን አየች፣ ኤልዳናን አየች። ከዚያ ማንም አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገች፤ ዘንቢሏን ወለሉ ላይ ጣለችው። ቀጥሎ የገባችውም ጣለች። ጠርሙሶቹ እየተንከባለሉ አንባቢው እግር ሥር ሄዱ፣ የሰፈሩ ሴቶችም ሁሉ ባዶ እጃቸውን ሆነው ኤልዳናን አቀፏት። ያን ቀን አንባቢው ማንንም አላነበበም።

የሞተ ሰው ጠርሙስ አርባው ሲያልፍ ይመለሳል፤ ስሙ ተፍቆ ለሚወለድ ልጅ ይሰጣል። ኤልዳና አርባውን አወጣች፣ ሰው ሸኘች። በማግስቱ ጠዋት ዘንቢሏን አቅፋ ወጣች። ሴቶቹ በአገጫቸው ሰላም አሏት። የራሷ ጠርሙስ ተወስዷል፣ ሁለቱ ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ ያለው አንድ ነው። ዘንቢሉን የምትይዘው ግን እንደበፊቱ ነበር፣ እንዳይናጥ አድርጋ።

ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ጠርሙሱን አውጥታ ለሲስተር ተዋበች ሰጠቻት። ሲስተር ተዋበች ተቀብላው ሊፋቅ የሚሄደው ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠው ስትል እጇ ቆመ። ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ሞቅ ይላል።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ እኮ ተሰርዘዋል። ላስነብብልዎት አልችልም።»

«ለኔ ማን አለሽ?» አለች ኤልዳና። «ክዳኑን እዪው፣ የማን ስም ነው? እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የተባለችው ጠብቂ ነው። ልጄን ጠብቂ በሚል ነገር ላይ አልተዋትም። አንድ ጊዜ አስነብቢልኝና ውሰጂው።»

ሲፈን ከኋላ ሆና መሬት መሬት ታያለች። ሲስተር ተዋበች ጠርሙሱን እንደያዘች ወደ አንባቢው ዞረች። ጣቷን ሰሌዳው ላይ አደረገች። ቆየች። ከዚያ፣ እንደ ማንኛውም ጠዋት፣ ጠየቀች።

«ያቃጥላታል?»

«አያቃጥላትም።»

«ቶሎ ቶሎ ያስኬዳታል?»

«አያስኬዳትም።»

«ትኩሳትስ?»

«የላትም። በርዳለች።»

«ወገቧ ላይ ውጋት አለ?»

ኤልዳና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ሲስተር ተዋበች ሰሌዳው ላይ የለም የሚለውን ነካች። ጠርሙሱን ከተተችው። አንባቢው ትንሽ ቆየ። ግንባሩ ላይ ያ ደም የመሰለ መብራት በራ፣ የኤልዳናን ፊት አቀላው። አዳራሹ ሁሉ እየሰማም ተናገረ።

«ደብሪቱ ሶፎንያስ። አልታመምሽም። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»